የደመወዝ ክብደት፦ ከቴፒ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ

ባለፈው ዓመት የምረቃው ወቅት ሲቃረብ፣ በቴፒ ግቢ ሶፍትዌር ምሕንድስና የሚማር አንድ ተመራቂ ወደ ቢሯችን መጥቶ ሁለት የሥራ ግብዣዎችን ጠረጴዛችን ላይ አኖረ። አንደኛው አዲስ አበባ ሄዶ በቢሮ ተቀምጦ እንዲሠራ የሚጋብዝ ሲሆን ጥቅል ደመወዙ በወር 40 ሺህ ብር ነው። ሁለተኛውም የመጣው ከዚያው ድርጅት ነው፤ እዚሁ ቴፒ ተቀምጦ በኢንተርኔት ቢሠራ 28 ሺህ ብር እንደሚከፈለው ይገልጻል። የሚጻፈው ፕሮግራም አንድ ነው፤ አለቃውም አንድ ነው። የተለየው ወንበሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ብቻ ነው። «መምህር፣ የትኛው ይበልጣል?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው ወደ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ቢሄድ ይሻል እንደነበር አንዳንድ አንባብያን ሊያስቡ ይችላሉ። እኛ ግን ደስ ብሎን ተቀበልነው። ምክንያቱም በመሠረቱ የመለኪያ ጥያቄ ነው። አንዱ መጠን ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል ከማለታችን በፊት ሁለቱ በአንድ ዓይነት መለኪያ መለካታቸውን ማረጋገጥ በፊዚክስ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። በአዲስ አበባ የሚወጣ ብርና በቴፒ የሚወጣ ብር ደግሞ፣ የታተሙበት ወረቀት አንድ ቢሆንም፣ አንድ መለኪያ አይደሉም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችሁ መጠነ ቁስና ክብደት የተለያዩ መሆናቸውን ተምራችኋል። መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ጨረቃ ላይ ቢወጣም መጠነ ቁሱ ያው 60 ነው፤ ክብደቱ ግን የጨረቃ ስበት ደካማ በመሆኑ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። በውል ወረቀት ላይ የሰፈረውን ደመወዝ እንደ መጠነ ቁስ፣ የመግዛት አቅሙን ደግሞ እንደ ክብደት ብንቆጥራቸው ጥሩ መነሻ ይሆነናል። ይሁን እንጂ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። በአንድ ስፍራ ያለ ስበት፣ አየር ካላገደው በስተቀር፣ ድንጋዩንም ላባውንም እኩል ይስባል። በገበያ ውስጥ ግን ለሙዝ አንድ ስበት፣ ለላፕቶፕ ሌላ ስበት አለ። የተማሪው ጥያቄ መልስም የተደበቀው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

አንድ ስኒ ቡና በትሪየስት

የዶክትሬት ትምህርታችንን የተከታተልነው በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን በምትገኘው የወደብ ከተማ በትሪየስት ነበር። ከተማዋ በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ የምትታወቀው ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ባቋቋመው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ነው። በቀረው ሕዝብ ዘንድ ግን የምትታወቀው በቡና ወደብነቷና እ.ኤ.አ. በ1933 የተመሠረተው የኢሊ ቡና ኩባንያ መቀመጫ በመሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያች ከተማ ባንኮኒ ላይ ተቁሞ የሚጠጣ አንድ ስኒ ኤስፕሬሶ 1 ዩሮ ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 23 ብር፣ ያስከፍል ነበር። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ተመልሰን ሚዛን ተፈሪ (ዛሬ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን የምትባለው) ስንደርስ ግን በጀበና የተፈላ፣ ጤና አዳም የገባበት ቡና ከ3 ብር በማይበልጥ ዋጋ እንጠጣ ነበር። የትሪየስቱ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው።

የመጀመሪያው ግምታችን «ቡናው ባሕር ተሻግሮ ስለሄደ ነው» የሚል ነበር። ስሌቱ ግን አልደገፈንም። ለአንድ ስኒ ኤስፕሬሶ 7 ግራም ያህል የተቆላ ቡና ይበቃል። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ ጥሬው 8 ግራም ተኩል ገደማ መሆን አለበት። የአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና የዓለም ገበያ ዋጋ በጊዜው ከ4 እስከ 5 ዶላር ነው ብንል፣ የ8 ግራም ተኩሉ ዋጋ 4 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ይመጣል፤ በብር ሲመነዘር አንድ ብር እንኳ አይሞላም። ከ23 ብሩ ውስጥ ከእኛ ጫካ ተነሥቶ የተጓዘው ያ ብቻ ነው። ከ22 ብር በላይ የሚሆነው ቀሪ ከትሪየስት የማይወጣ ነገር ዋጋ ነው፤ የአስተናጋጁ ደመወዝ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የመንግሥት ግብር።

እንግዲህ በዓለም ላይ የሚሸጠውን ሁሉ በሁለት እንክፈለው። ከቦታ ቦታ ሊጫን የሚችለውን «ተጓዥ»፣ እዚያው ተመርቶ እዚያው የሚያልቀውን «ነዋሪ» እንበለው። ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ነዳጅ፣ ጥሬ ቡና ተጓዦች ናቸው። የቤት ኪራይ፣ ፀጉር ማስተካከል፣ የታክሲ ሒሳብ፣ የሞግዚት ደመወዝ ነዋሪዎች ናቸው። ተጓዡ በየትም ስፍራ በተቀራረበ ዋጋ ይሸጣል፤ የነዋሪው ዋጋ ግን ከአገር አገር እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል።

ለምን? የትሪየስቱ አስተናጋጅ ሚዛን ላይ ቡና ከምታፈላው ሴት ይልቅ ቀልጣፋ አይደለም። እንዲያውም እርሷ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፤ እርሱ ማሽን ይጫናል። ልዩነቱ ያለው ከቡና ቤቱ ውጭ ነው። የትሪየስቱ ሰው አስተናጋጅነቱን ቢተው በማሽን ኃይል ብዙ በሚያመርት ፋብሪካ ወይም ወደብ ሊቀጠር ይችላል። ባለ ቡና ቤቱ ሠራተኛውን ለማስቀረት ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ደመወዝ መክፈል ግድ ይለዋል፤ ወጪውንም በስኒው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ይህንን ሐሳብ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት፣ እንዳጋጣሚ የትሪየስቱ ማዕከል በተቋቋመበት በ1964፣ በየፊናቸው ጽፈውታል። ከዚህ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር አለ፦ የአንድ ሰው ደመወዝ የሚወሰነው በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ያንን ሥራ ቢተው በእጁ ባለው ሁለተኛ ምርጫ ነው። ወደ ተማሪያችን ስንመለስ ይህ ነገር ይጠቅመናል።

ገንዘቦችን በሚገዙት ነገር ብዛት የማነጻጸሩ ዘዴ «የመግዛት አቅም እኩልነት» ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ጉስታቭ ካሴል እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ከ1968 ጀምሮ ደግሞ በየአገሩ የሸቀጥ ዋጋ እየተሰበሰበ የሚነጻጸርበት ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ተዘርግቷል። ዘ ኢኮኖሚስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1986 ለጨዋታ ያህል የማክዶናልድን ሀምበርገር መለኪያ አድርጎ ነበር። ማክዶናልድ በአገራችን ቅርንጫፍ ስለሌለው እኛ በጀበና ቡና መለካታችን ቅር የሚያሰኝ አይመስለንም።

ከጨው አሞሌ እስከ ላፕቶፕ

ይህን ክፍፍል ይዘን ወደ ቴፒ እንመለስ። ሙዝ፣ ጎደሬ፣ ቆጮ፣ የጫካ ማር፣ ኮረሪማና እርድ እዚሁ ደጃችን ላይ የሚገኙ ናቸው፤ የቤት ኪራይም ከአዲስ አበባ ጋር አይወዳደርም። ጨው፣ ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ መድኃኒት፣ ላፕቶፕ ግን በጅማና በቦንጋ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ይደርሱናል። ስለዚህ ተጓዡ ዕቃ ቴፒ ላይ በአዲስ አበባ ዋጋ፣ ካልሆነም የመኪናው ጭነት ተደምሮበት ይሸጣል። «ክፍለ ሀገር ኑሮ ርካሽ ነው» የሚለው አባባል ለጎደሬው እንጂ ለላፕቶፑ አይሠራም።

ነገሩ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። በቀደመው ዘመን ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በመላ አገሪቱ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። አሞሌው በአህያና በበቅሎ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እየናረ፣ በአንድ ማርትሬዛ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር ደግሞ እያነሰ ይሄድ ነበር። ትግራይ ላይ በአንድ ማርትሬዛ ብዙ አሞሌ ሲገኝ፣ ከፋ ሲደርስ ጥቂት ብቻ ይሆናል። በአሞሌ የሚከፈለው ሰው እንግዲህ የአሞሌው ቁጥር ሳይለወጥ፣ የቆመበት ስፍራ ብቻ ተለውጦ ሀብታም ወይም ድኻ ይሆን ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ብንጠቁም መልካም ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የዋጋ ግሽበት አኃዝ ይዘው «የዚህ ክልል ግሽበት ከዚያኛው ስለሚበልጥ ኑሮው ውድ ነው» ይላሉ። ግሽበት የሚነግረን ዋጋ በአንድ ስፍራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠ ነው እንጂ፣ በአንድ ጊዜ ከስፍራ ስፍራ ምን ያህል እንደሚለያይ አይደለም። የሁለት መኪኖችን ፍጥነት ማወቅ የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም፤ መነሻቸውን ማወቅ አለብን። አሜሪካኖች ለዚህ ጉዳይ የተለየ መለኪያ አላቸው። በዚያ መሠረት ካሊፎርኒያ ከአገሪቱ አማካይ ከ10 በመቶ በላይ ውድ ስትሆን፣ አርካንሳስና ሚሲሲፒ ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ርካሾች ናቸው።

ብርሃኑ ደርሷል፣ ደመወዙስ?

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ድርጅቱ ለቴፒው ወንበር 12 ሺህ ብር ለምን ቀነሰ? ርቀት ነው እንዳንል፣ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 600 ኪሎ ሜትሩን በ3 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ዓይን ለመርገብ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ሳን ፍራንሲስኮ እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ቢዘረጋላት ከ80 ሚሊ ሰከንድ በታች ናት። ለፊዚክስ ሁላችንም ጎረቤታሞች ነን።

የቡናን ነገር እናነጻጽር። የቡና መሠረታዊ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያ ላይ የመርከቡ፣ የመኪናው፣ የላኪውና የሰብሳቢው እየተቀነሰ ቀሪው ለበበቃ ወይም ለቴፒ ገበሬ ይደርሳል። ገበሬው በሩቅ በመኖሩ የሚቀነስበት በከፊል እውነተኛ ወጪ ነው፤ ናፍጣ ነው፣ ጎማ ነው። ፕሮግራም ግን ክብደት የለውም። ናፍጣ አያስፈልገውም። ሁለት ፕሮግራመሮች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ቢጽፉ አንድ ዓይነት ዋጋ ማግኘት አልነበረባቸውምን?

መልሱ ቀጣሪው የሚገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን የሰውዬውን ጊዜ በመሆኑ ላይ ነው። የሰው ጊዜ ደግሞ ከአስተናጋጁ ታሪክ እንዳየነው በሁለተኛ ምርጫው ይተመናል። የሳን ፍራንሲስኮው ፕሮግራመር «አነሰኝ» ቢል መንገድ ተሻግሮ ሌላ ኩባንያ ይቀጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በመላ አሜሪካ ከሶፍትዌር ሠሪዎች ግማሾቹ በዓመት ከ133 ሺህ ዶላር በላይ ያገኙ የነበረው ሁሉም ሊቃውንት ስለሆኑ አይደለም፤ ፈላጊያቸው ብዙ ስለሆነ ነው። የቴፒው ተመራቂ ሁለተኛ ምርጫ ምን ነበር? የመንግሥት ሥራ ነው። በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 6,940 ብር ነበር፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ 11,500 ብር ሆኗል። ለዚህ ልጅ 28 ሺህ የሚያቀርብ ድርጅት ለጋስ ሆኖ ይታያል፤ ከ28 በላይ እንዲጨምር የሚያስገድደው ጎረቤት ግን የለም። (በነገራችን ላይ የመንግሥት ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዝ ቴፒም አዲስ አበባም አንድ ስለሆነ፣ በኪራይ ረገድ የቴፒው መምህር ከአዲስ አበባው ባልደረባው ይሻላል። ያም ሆኖ ዝውውር የሚጠይቀው የቴፒው ነው። ደመወዝ ብቻውን ሰው አያስቀምጥም።)

ኩባንያዎች በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። ሠራተኞቹ በብዙ አገሮች ተበትነው የሚሠሩለት ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ደመወዝን በከተማ ማባዣ እያባዛ ሲተምን ቀመሩን በይፋ አውጥቶት ነበር። መጀመሪያ የቤት ኪራይን መሠረት አደረገ፤ በኋላ ግን መለኪያው የኑሮ ውድነት ሳይሆን የየአካባቢው የሥራ ገበያ መሆኑን ግልጽ አደረገ። ለግልጽነቱ እናመሰግነዋለን። ፌስቡክ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲፈቅድ፣ ወደ ርካሽ ከተማ የሚሄድ ሰው ደመወዙ እንደሚስተካከል ዋና ሥራ አስኪያጁ ተናግሯል። በአንጻሩ ቤዝካምፕ የተባለው ፕሮግራም ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሠራተኛው የትም ይኑር የትም በሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ልክ እከፍላለሁ ብሎ ሠርቷል። እንግዲህ ማባዣው የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የድርድር ውጤት ነው።

ሁለቱ መስመሮች

ተማሪው ወጪዎቹን ራሱ ገምቶ ይዞ መጥቷል። ለአዲስ አበባ፦ ኪራይ 10 ሺህ፣ ምግብና ልዩ ልዩ 8 ሺህ፣ ትራንስፖርት 2 ሺህ፤ ድምር 20 ሺህ ብር። ለቴፒ፦ ኪራይ 3 ሺህ፣ ምግብና ልዩ ልዩ 6 ሺህ፣ ትራንስፖርት 500፤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪና ኢንተርኔት በወር ሲታሰብ 1,500፤ ድምር 11 ሺህ ብር። የባትሪውን ነገር ማሰቡ አስደስቶናል።

ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር መሠረት፣ ከ14 ሺህ ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ 35 በመቶው ተሰልቶ 2,050 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ የ40 ሺህ ብር ግብር 11,950 ብር፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ማለትም 2,800 ብር ሲሆን፣ እጁ የሚገባው 25,250 ብር ነው። በዚያው ስሌት ከ28 ሺህ ላይ የሚተርፈው 18,290 ብር ነው። ኑሮውን ስንቀንስ አዲስ አበባ 5,250 ብር፣ ቴፒ ደግሞ 7,290 ብር ይቀራል። 90 ሺህ ብር የሚያወጣ ላፕቶፕ ለመግዛት በአዲስ አበባው ቀሪ 17 ወር፣ በቴፒው 12 ወር ይፈጃል። «እንግዲያው ቴፒ ይበልጣል!» አለ።

ቸኮለ። ቤቱን ከጓደኛው ጋር ቢጋራና የአዲስ አበባ ኪራዩ 5 ሺህ ቢሆንስ? ቀሪው 10,250 ይሆናል፤ ላፕቶፑም ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ይገዛል። ከዚህ ይልቅ የከበደው ጥያቄ ደግሞ ደመወዙ ሲያድግ የሚሆነው ነው። ለስሌት ቅለት፣ ቴፒ ላይ እጁ የሚገባው ከአዲስ አበባው 70 በመቶ ነው እንበል። በአዲስ አበባ እጁ የሚገባውን በ«ደ» ብንወክለው፣ የአዲስ አበባ ቀሪ፦

ደ − 20,000

የቴፒ ቀሪ ደግሞ፦

0.7 × ደ − 11,000

ይሆናል። ሁለቱም ቀጥታ መስመሮች ናቸው፤ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ሥሏቸው። የቴፒው መስመር ከላይ ይነሣል፣ ቁልቁለቱ ግን ዝግ ያለ ነው። የሚገናኙት ደ 30 ሺህ ሲሆን ነው፤ የወጪውን ልዩነት 9,000 በተቆረጠው ክፍልፋይ 0.3 ማካፈል ብቻ ነው። ከ30 ሺህ በታች ቴፒ ያተርፋል፤ ከዚያ በላይ አዲስ አበባ። እጁ የሚገባው 60 ሺህ በደረሰ ቀን አዲስ አበባ 40 ሺህ ሲቀርለት፣ ቴፒ 31 ሺህ ብቻ ይቀርለታል።

ምስጢሩ ይህ ነው። ቀጣሪው ማባዣውን የሚጭነው በደመወዙ ሁሉ ላይ ነው። የስፍራው ርካሽነት ግን የሚያግዘው በነዋሪው ወጪ ላይ ብቻ ነው። ሰው ደመወዙ ሲያድግ ጎደሬ በእጥፍ አይበላም፤ የሚጨምረው ተጓዡን ነው፤ ላፕቶፕ፣ መኪና፣ የልጅ ትምህርት፣ ቁጠባ። ከሁሉ የበለጠው ተጓዥ ደግሞ የተረፈው ገንዘብ ራሱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ግማሽ ደመወዙን ለኪራይ የሚከፍል ወገናችን «ኑሮ ገደለን» ሲል እውነቱን ነው፤ ከዚያ ላይ የሚልካት 200 ዶላር ሚዛን ላይ ግድግዳ የምታቆመውም እውነት ነው። በውድ አገር የተረፈ ገንዘብ በርካሽ አገር ሲወጣ ክብደቱ ይጨምራል። የተገላቢጦሹ አይሠራም።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያልገባ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከባልደረባው ይማራል፤ ሌላ ቀጣሪ ይሰማዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ «ደ» ራሱ ያድጋል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው ሰዎች ለምን በአንድ አካባቢ እንደሚሰበሰቡ ሲያስረዳ የጻፈው ዛሬም ይሠራል።

ውሉ በዶላር ሲሆን

ተማሪው ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር ቢዋዋልስ? ያን ጊዜ ከቡና ገበሬው ጋር በአንድ ጀልባ ይሳፈራል፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ላኪዎች ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2024 ሳያልቅ ከ120 ብር አልፏል። በወር 500 ዶላር የሚከፈለው ፕሮግራመር በባንክ የሚደርሰው 28,500 ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። በብር የተዋዋለው ጎረቤቱ አንድ ሳንቲም አልተጨመረለትም፤ የላፕቶፑ ዋጋ ግን ሁለቱንም እኩል ጠበቃቸው። በዚያን ጊዜ የወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከውጭ ደመወዝ የሚያገኝ ነዋሪ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ስለፈቀደ፣ የዚህ ሥራ ተስፈኞች መመሪያውን ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

ከዚሁ ከደቡብ ምዕራባችን የወጣ ሌላ ታሪክ እናንሣ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛንያ በኩል አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ተተከለ። ለዓመታት ከሌላው ቡና ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ የተለየ ዋጋ አላገኘም። በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ይህን ቡና ለይቶ በስሙ ለውድድር አቀረበው፤ ቀማሾችም የማን እንደሆነ ሳያውቁ አንደኛ አደረጉት። አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጦ የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2025 ከዚያው እርሻ የወጣ ጥቂት ኪሎ በጨረታ ሲሸጥ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከ30 ሺህ ዶላር አልፏል። ከፍታው፣ አፈሩና አለቃቀሙ ድርሻ እንዳላቸው አንክድም። ዘሩ ግን የእኛ ጫካ ዘር ነው፤ በ2003ም ያው ዘር ነበር። በ2004 የተለወጠው ከድብልቁ ወጥቶ በስሙ መቀመሱ ነው። በአንድ አገናኝ ድርጅት ስም ተሸፍኖ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣትና፣ ማንም ሊያነበው በሚችል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ስሙን አኑሮ የሚሠራ ወጣት ልዩነታቸው ከዚህ የራቀ አይመስለንም። ማባዣው ከፍ የሚለው ለሁለተኛው ነው፤ ሁለተኛ ምርጫው እርሱን ፈልጎ ይመጣልና።

ተማሪያችን በመጨረሻ አዲስ አበባን መርጦ፣ ከጓደኛው ጋር ቤት ተጋርቶ ሄደ። ከጥቂት ወራት በፊት ደወለልን። እጁ የሚገባው 32 ሺህ ብር ደርሷል፤ ድርጅቱም ለነባር ሠራተኞች ማባዣውን ወደ 80 በመቶ ከፍ አድርጎ፣ የፈለገ ካለበት እንዲሠራ ፈቅዷል። መስመሮቹን እንደገና ሠራናቸው። አዲስ አበባ፣ በጋራ ቤት 15 ሺህ ወጥቶ 17 ሺህ ይቀራል። ቴፒ፣ ከ25,600 ላይ 11 ሺህ ወጥቶ 14,600። «ቆይ እዚያው» አልነው።

«መምህር፣ አንድ ረድፍ ዘላችኋል» አለን። «ለእናቴ በየወሩ የምልከው 3 ሺህ ብር የት ገባ?»

ረድፉን ጨመርነው። ከአዲስ አበባው ቀሪ 3 ሺህ ሲቀነስ 14 ሺህ ሆነ። ቴፒ ከእናቱ ቤት ቢገባ ግን የሚልከው ገንዘብ ከምግቡ ወጪ ጋር ይቀላቀላል፤ 3 ሺህ ብር ኪራዩም ይቀርለታል። የቴፒው ቀሪ 17,600 ብር ወጣ። ባለፈው ወር ባትሪውን በአውቶቡስ ጭኖ ቴፒ ገብቷል።